ለእባብ ቀለብ የተገዛች አይጥ ስታረግዝ፦ ለወላጆችና ለጤና ኃላፊዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ አሜሪካ ውስጥ ልጆች ለሚያሳድጉ ወገኖቻችን የተጻፈ ነው። እባብ በቤት ማሳደግ እኛ ባደግንበት አገር ያልለመድነው ነገር ነው። እዚህ ግን ልጆቻችን ጓደኞቻቸው ቤት ያዩታል፤ ይለምኑናል፤ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እሺ የሚል ወላጅ አይጠፋም። ያን ጊዜ ሁላችንም አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን፤ መርዝ አለው ወይ? ሻጩ የለውም ይላል። እውነቱን ነው፤ ቦል ፓይተንም ሆነ ኮርን ስኔክ የተባሉት እባቦች መርዝ የላቸውም። በዚሁ ልባችን ያርፋል። እባቡ ምን እንደሚበላ፣ የሚበላው ከየት እንደሚመጣ፣ ሳይበላው ከቀረስ ምን እንደሚሆን አንጠይቅም። አደጋው የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ከእንስሳት መሸጫ ሱቅ አንዲት አይጥ በተበሳ ካርቶን ተይዛ ትመጣለች። ለቀለብ የሚሸጡ አይጦች ወንድና ሴት ሳይለዩ በአንድ ሳጥን የሚቀመጡባቸው ሱቆች አሉ። ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነት ሳጥን የወጣች ማንኛዋም የደረሰች ሴት አይጥ እርጉዝ ልትሆን ትችላለች ብሎ መነሣት ይገባል። ቦል ፓይተን ደግሞ በመጾም የታወቀ እባብ ነው፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት አልበላም ይላል። እባቡ እንቢ ሲል አይጧ ትተርፋለች። ለጊዜው ተብሎ በጫማ ካርቶን ወይም በፕላስቲክ ባልዲ ትቀመጣለች። ልጁ ስም ያወጣላታል። ቀናት ሲያልፉ ሆዷ ይገፋል። ከዚያ በኋላ ለእባብ አሳልፎ የሚሰጣት በቤቱ አይገኝም።

ይህ ርኅራኄ የሚነቀፍ አይደለም። ልጅ ለደካማ ፍጥረት ሲራራ ማየት ለወላጅ ደስታ ነው። የሚያስጨንቀኝ በዚህ መካከል የሚዘነጋው ጥያቄ ነው። በዚያው ቤት ሌላ ነፍሰ ጡር አለች ወይ? አራስ አለች ወይ? ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ አባት፣ ኩላሊት የተተከለለት ዘመድ አለ ወይ? አይጧን ከመንከባከባችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ እንክብካቤው ከሥር መሠረቱ ይለወጣል።

ምክንያቱን በግልጽ ልናገር። የቤት አይጥ ሊምፎሳይቲክ ኮሪዮሜኒንጃይቲስ የተባለ በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ ልትሸከም ትችላለች። በምህጻረ ቃል ኤልሲኤምቪ ይሉታል። አዲስ የመጣ ነገር አይደለም፤ ተመራማሪዎች የለዩት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሴንት ሉዊስ ከተማ የአንጎል ብግነት ወረርሽኝ ሲያጠኑ ነው። ሲዲሲ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል በአገሪቱ ካሉ የቤት አይጦች ወደ 5 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱን እንደሚሸከሙ ይገምታል። በሱቅ የሚሸጡትም በማራቢያ ቦታ ወይም በሱቁ ውስጥ ከዱር አይጥ ጋር ከተነካኩ ሊያዙ ይችላሉ። ቫይረሱ በአይጥ ሽንት፣ ምራቅና ዓይነ ምድር ይወጣል። ሰውን የሚይዘው እነዚህን በእጁ ሲነካ፣ ሲነከስ፣ ወይም የደረቀው ጉዝጓዝ ሲራገፍ የሚነሣውን አቧራ ሲተነፍስ ነው።

አሁን የማነሣውን ልብ በሉ። ቫይረሱ ያለባት አይጥ የታመመች አትመስልም። ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ ጸጉሯ ያብረቀርቃል። እርጉዝ ከሆነችም ቫይረሱን በማኅፀን ሳሉ ለልጆቿ ታስተላልፋለች። እነሱም ተይዘው ይወለዳሉ፤ ሳይታመሙ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቫይረሱን ሲያወጡ ይኖራሉ። ቫይረሱ ያለባት አንዲት እርጉዝ አይጥ የገባችበት ቤት በሦስት ሳምንት ውስጥ ቫይረሱን የተሸከሙ ስምንትና ዘጠኝ አይጦች ሊኖሩት ይችላል ማለት ነው፤ ሁሉም ለዓይን ጤነኞች፣ ሁሉም በልጆች እጅ የሚዳሰሱ።

ጤነኛ ሰውን ቢይዘው አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ከመሰለ ሕመም አያልፍም፤ ብዙዎች ጭራሽ ሳይታወቃቸው ይድናሉ። አንዳንዶች ላይ ግን በሁለተኛ ዙር ተመልሶ ወደ ማጅራት ገትር ይለወጣል። የነፍሰ ጡር ጉዳይ ከሁሉም የተለየ ነው። በእርግዝናዋ መጀመሪያ ወራት ከተያዘች ፅንሱ ሊቋረጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ ከተያዘች ሕፃኑ በጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ፣ የዓይኑ ብርሃን ተጎድቶ ወይም በአእምሮ ዕድገቱ ወደኋላ ቀርቶ ሊወለድ ይችላል። እናቲቱ ግን የምታስታውሰው ምናልባት ሁለት ቀን የቆየ ትኩሳትና ራስ ምታት ብቻ ነው። ያንንም በእርግዝና ድካም ታሳብባለች።

እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ ሟች የአካል ክፍሎች የተለገሱላቸው አራት ሕሙማን በዚህ ቫይረስ ተይዘው ሦስቱ ሞተዋል። ምርመራው ያመራው በሮድ አይላንድ ከሚገኝ የእንስሳት ሱቅ ወደተገዛች አንዲት ሀምስተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በኢንዲያና ለእባብና ለሌሎች እንስሳት ቀለብ የሚሆኑ አይጦች በሚራቡበት ድርጅት ቫይረሱ ተገኝቶ ሠራተኞች ታመዋል። ከዚያ ድርጅት የወጡ አይጦች ወደተለያዩ ግዛቶች ይላኩ ነበር። እነዚህን ሁለት ታሪኮች የማነሣው ሰው እንዲሸበር አይደለም። አደጋው በመዝገብ የሰፈረ፣ የጤና ባለሥልጣናት በሚገባ የሚያውቁት ነገር ሆኖ ሳለ ከእኛ ቤት በር ግን ያልደረሰ መሆኑን ለማሳየት ነው።

እስቲ አንዲት እህታችን ለእርግዝና ክትትል ሐኪም ፊት ስትቀርብ አስቡ። ነርሷ ቤት ውስጥ እንስሳ አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ድመት ነው፤ ድመት ስለምታስተላልፈው በሽታ ሁሉም ሰምቷል። እህታችን የለም ትላለች። አልዋሸችም። አይጧ በእሷ ዘንድ እንስሳ ተብላ አልተቆጠረችም፤ የልጁ እባብ ቀለብ ናት። እባቡም የልጁ እንጂ የቤቱ አይደለም። ይህች አንዲት የለም የምትል መልስ ሐኪሙን ከትክክለኛው ጥርጣሬ ታርቀዋለች።

ሌላም አለ። ልጃቸውን ሊያርሱ ከአገር ቤት የመጡ እናት በቤቱ ይኖራሉ። ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል የአይጧ ሳጥን ይሸታል። እናታችን ቆሻሻ አይወዱም፤ ጉዝጓዙን በመጥረጊያ ጠርገው፣ አቧራውን አንሥተው፣ ሳጥኑን በወጥ ቤት ማጠቢያ አጥበው ይመልሳሉ። ከዚያ ለአራሷ ገንፎ ያገነፋሉ፤ ሕፃኑን ያቅፋሉ። ማንም ያጠፋ የለም፤ ሁሉም በፍቅር የተሠራ ነው። እናታችንን አስቀድሞ ያስጠነቀቃቸው አልነበረም፤ የሆነው ይህ ብቻ ነው። እባካችሁ፣ አረጋውያን እናቶችና አባቶች ያንን ሳጥን እንዳይነኩ ዛሬውኑ ንገሯቸው፤ ምክንያቱንም በአክብሮት አስረዷቸው።

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት አይጧን መግደልም ሆነ መጣል ግዴታው አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ነፍሰ ጡር፣ ሕፃንም ሆነ ሕሙም የሌለበት የዘመድ ወይም የጓደኛ ቤት ወስዶ በአደራ መስጠት ነው። ይህ ካልተቻለ ነፍሰ ጡሯ በማትገባበት ክፍል ትቀመጥ። የሚመግባትና የሚያጸዳላት ሌላ ጤነኛ አዋቂ ይሁን። ሳሎን አይሆንም፤ ወጥ ቤት አይሆንም፤ ሕፃን የሚተኛበት ክፍል በፍጹም አይሆንም። የሚያጸዳው ሰው ጓንት ያድርግ። ጉዝጓዙን በደረቁ አያራግፍ፣ አይጥረግ፣ በቫኪዩምም አይምጠጥ። አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሎ፣ አይጧ ወደ ሌላ ዕቃ ከተዛወረች በኋላ ጉዝጓዙን ያርጥብ፤ አምስት ደቂቃ ይቆይ፤ በፕላስቲክ ከረጢት አሥሮ ያውጣ። ሳጥኑ ምግብ ከሚዘጋጅበት ቦታ ርቆ ይታጠብ፤ የበረኪናው ሽታ ሳይለቅም አይጧ አትመለስበት። በመጨረሻ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሕፃናት አይጧን ወደ አፋቸው እንዳያስጠጉ፣ እንዳይስሟትም ይጠበቁ።

አይጧን ራሷን በተመለከተ፣ እርጉዝ ለመሆኗ ምልክቱ ሆዷ እንደ ሸክላ ጋን ከታች መስፋቱ፣ ጡቶቿ ጎልተው መውጣታቸውና ጎጆ ለመሥራት ወረቀት መሰብሰቧ ነው። እርግዝናዋ ከ19 እስከ 21 ቀን ብቻ ስለሚቆይ ሆዷ በግልጽ ከታየ በኋላ የቀራት ጥቂት ቀን ነው። ሆዷን ጨምቆ ለማረጋገጥ የሚሞክር አለ፤ ይህ ፅንሶቹን ይጎዳል፤ ጭንቀት ላይ ያለችው እናትም ትነክሳለች። የአይጥ ንክሻ በሌላ በኩል አደገኛ ነው። አይጥና ትልልቅ አይጦች የሚያስተላልፉት የአይጥ ንክሻ ትኩሳት የሚባል የባክቴሪያ በሽታ አለ፤ በቶሎ ከታወቀ በፔኒሲሊን ይድናል፤ ካልታወቀ ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሳን ዲዬጎ ከሱቅ ከተገዛ ትልቅ አይጥ በያዘው በዚህ በሽታ አንድ ልጅ ሕይወቱ አልፏል። ልጃችሁ ተነክሶ ወይም ተቧጥጦ በቀናት ውስጥ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም በእጅና በእግሩ ላይ ሽፍታ ቢያወጣ፣ ንክሻው ድኗል ብላችሁ አትተዉት።

ማደሪያዋ ጥብቅ ክዳን ያለው የመስታወት ሳጥን ቢሆን ይመረጣል። አይጥ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ታልፋለች፤ ግልገሎቿም ከሷ ያነሱ ናቸው። ሽታው የሚከረፋ የሴዳርና የፓይን ሰጋቱራ መተንፈሻዋን ይጎዳል፤ የወረቀት ጉዝጓዝ ወይም የአስፐን ፍቅፋቂ ስጧት። ለጎጆዋ ሽቶ የሌለው ሶፍት ቀዳዳችሁ ጨምሩላት። ጥጥና ክር አትስጧት፤ በግልገሎቹ እግር ላይ ተጠምጥሞ ደም ይከለክላል። ውሃው በጎድጓዳ ዕቃ ሳይሆን በጎን በሚንጠለጠል ጠርሙስ ይሁን፤ ግልገል በትንሽ ውሃ ይሰምጣል። ለአይጥ የተዘጋጀውን ደረቅ ምግብ ሳታቋርጡ አቅርቡላት፤ በእርግዝናዋና በማጥባቷ ወቅት ጥቂት የተቀቀለ እንቁላል ቢጨመርላት ይጠቅማታል። የእባቡ ሳጥን ባለበት ክፍል አታስቀምጧት። አዲስ ወንድ አይጥም አታስገቡባት፤ ሂልዳ ብሩስ የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳሳየችው፣ በቅርብ ያረገዘች አይጥ የማታውቀው ወንድ ሲቀርባት እርግዝናዋ ሊቋረጥ ይችላል። ግልገሎች ካሉም እንግዳ ወንድ ሊገድላቸው ይችላል።

ስትወልድ የማንንም እርዳታ አትፈልግም። የሚከብደው እጅን መሰብሰብ ነው። ግልገሎቹ ጸጉር የሌላቸው፣ ዓይናቸው ያልተከፈተ፣ ቀይ ሆነው ይወለዳሉ፤ ልጆች ለማየት ይሽቀዳደማሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎጆዋ ሲገለጥባት፣ ግልገሎቿ ሲነሡባት፣ ድምፅና ብርሃን ሲበዛባት እናቲቱ ልጆቿን ልትበላ ትችላለች። ይህን ያየ ልጅ አይረሳውም። ምግብና ውሃ ብቻ አስገብታችሁ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ተዉአት። ዓይናቸው በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ገደማ ይከፈታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቸልተኝነት ነው ቤትን የሚያጥለቀልቀው። አይጥ በወለደች በአንድ ቀን ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ልጆቿ በሦስት ሳምንታቸው ጡት ይተዋሉ፤ በአምስትና በስድስት ሳምንታቸው ለመራባት ይደርሳሉ፤ ወንድምና እኅት መሆናቸው አያግዳቸውም። 8 ወልዳ 4ቱ ሴት ቢሆኑና ሳይለዩ ቢቀሩ፣ እያንዳንዷም 8 ብትወልድ፣ በሁለት ወር ተኩል ውስጥ በዚያ ሳጥን ከ40 በላይ አይጦች ይገኛሉ። ስለዚህ ወንዶቹና ሴቶቹ አራተኛው ሳምንት ሳያልፍ በተለያየ ሳጥን ይቀመጡ። መለየት ካቃታችሁ ትንንሽ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ጠይቁ። በዚህ አጋጣሚ የእባብ ቀለብ ከቤት ይገኛል ብሎ አይጥ ማራባት የሚጀምር ካለ፣ ከላይ ያልኩትን ሁሉ በየሳምንቱ ወደ ቤቱ እያስገባ መሆኑን ይወቅ።

የሰለቸውና የመረረው ወላጅ አንድ ቀን ሳጥኑን ይዞ ወደ ጓሮ ወይም ወደ መናፈሻ ይሄዳል። አታድርጉት። በሳጥን ያደገች አይጥ ሜዳ ላይ ስትለቀቅ ወይ በብርድና በድመት ታልቃለች፣ ወይም ወደ ጎረቤት ግድግዳ ገብታ ትራባለች፣ የያዘችውንም በሽታ ይዛው ትሄዳለች። ጎረቤታችሁም ቤት ነፍሰ ጡር ልትኖር ትችላለች። መረከብ የሚችሉ የእንስሳት መጠለያዎችን ደውላችሁ ጠይቁ።

በሕይወት ያለ አይጥ ትተው ሞቶ በፍሪዘር የበረደ የአይጥ ቀለብ መግዛት የጀመሩ ወገኖች መልካም አድርገዋል፤ በሕይወት ያለ አይጥ ያልራበውን እባብ እየጋጠ ሊያቆስለው ይችላልና። ነገር ግን በረዶ ሳልሞኔላን አይገድልም። እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ በአሜሪካም በብሪታንያም ከበረዱ የቀለብ አይጦች ጋር የተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ሰዎችን አሳምሟል፤ ሕፃናትም ይገኙባቸዋል። ከእንጀራና ከሥጋ ጋር በአንድ ፍሪዘር አታስቀምጡት። በማይክሮዌቭ አታቅልጡት። በወጥ ቤት ማጠቢያ አታርጥቡት።

ለጤና መምሪያ ኃላፊዎችም ቃል አለን። ይህን ሁሉ መረጃ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አብዛኛው ከእናንተው የተገኘ ነው። የጎደለው ወደ ሰው ማድረሱ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ መስተዳድር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት አማርኛ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ወረቀት ላይ ይታያል። ለቀለብ አይጥ በሚሸጥበት ባንኮኒ ላይ አንዲት ገጽ ማሳሰቢያ ማስቀመጥ ከዚያ የሚከብድ አይደለም። ሱቆች ወንዱን ከሴቱ ለይተው እንዲያስቀምጡ፣ በካርቶኑ ላይ ነፍሰ ጡርን የሚያስጠነቅቅ ቃል እንዲለጥፉ ማድረግ ይቻላል። መንግሥት ሲፈልግ እንደሚችል ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የሳልሞኔላ በሽታ ሕፃናትን ሲያጠቃ የፌዴራሉ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ ከልክሏል። እኛ ክልከላ አልጠየቅንም። የጠየቅነው ማስጠንቀቂያ ነው። የእናቶች ክሊኒኮችም ጥያቄያችሁን ለውጡት፤ እንስሳ አለ ወይ ማለት አይበቃም። አይጥ፣ ሀምስተር ወይም ለሌላ እንስሳ ቀለብ የሚገዛ ነገር ቤት ይገባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚዎችም እንዲሁ አድርጋችሁ አስተላልፉት።

በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለችና አይጧ አስቀድማ ገብታ ከሆነ፣ ለቀጣዩ ቀጠሮ አትጠብቁ። ለሐኪሟ ደውሉና አይጧ መቼ እንደመጣች፣ ማን እንደነካት፣ ማን እንዳጸዳላት ተናገሩ። ቫይረሱ ሰውን ከያዘ በኋላ ምልክት የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚህ መካከል ትኩሳት፣ የጡንቻ ሕመም፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም ማስመለስ ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይኬድ። ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም መደናገር ከታየ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬድ። እዚያም አፋችሁን ሞልታችሁ ቤታችን አይጥ አለች በሉ፤ የኤልሲኤምቪ የደም ምርመራ እንዳለም ጠይቁ።